የኢንተርኔት ትምህርት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነቱ ከዝግጅቱ ይጀምራል

ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት የሚሰጡት ትምህርት ከቦታ ወደ ቦታ መንቀሳቀስ ለሚቸግራቸው ተማሪዎች ሰፊ ዕድል የሚከፍት ቢሆንም፣ አዘገጃጀቱ የአካል ጉዳተኞችን ፍላጎት ካላገናዘበ ዕድሉን መልሶ ይነፍጋቸዋል።

ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በኮምፒዩተር የሚያነቡት ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር አማካይነት ነው። በስካነር ተነሥቶ እንደ ፎቶግራፍ የተቀመጠ የመማሪያ ጽሑፍ በአብዛኛው ለሶፍትዌሩ ባዶ ገጽ ነው። ጽሑፉ ተተይቦ፣ ርዕሶቹ ተለይተው፣ ለሥዕሎቹም መግለጫ ተጽፎ ሲቀርብ ግን ችግሩ ይቃለላል።

መስማት ለተሳናቸው የቪዲዮ ትምህርት የግርጌ ጽሑፍ ወይም የምልክት ቋንቋ ትርጉም ያስፈልገዋል። እጃቸውን እንደልብ ለማያንቀሳቅሱ ደግሞ ፈተናው ያለ ማውስ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚሠራ መሆን አለበት።

ጉዳዩ ችላ ሲባል የሚያስከትለውን የአሜሪካ ተሞክሮ ያሳያል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በርካታ ቪዲዮዎቻቸው ትክክለኛ የግርጌ ጽሑፍ የላቸውም በሚል እ.ኤ.አ. በ2015 በአገሪቱ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ማኅበር ተከሰው፣ በ2019 እና በ2020 በቅደም ተከተል በተደረሱ ስምምነቶች ጉድለቱን ለማሟላት ግዴታ ገብተዋል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃ ቴክኖሎጂ ተደራሽነትን፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ያለአድልዎ ከፍተኛ ትምህርት የማግኘት መብትን ይደነግጋል።

በመሆኑም ተቋማት ሶፍትዌር ሲገዙም ሆነ መምህራን ትምህርት ሲያዘጋጁ ተደራሽነትን በመስፈርትነት ሊይዙና ሥራውን አስቀድመው በአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሊያስፈትሹ ይገባል።