«ራሴን አዞረኝ» ስንል ሐኪሙ ምን ይሰማል?

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። እኛ በስደት ያለነው ግን ችግራችን መደበቁ ብቻ አይደለም። እናወራዋለን፤ ዳሩ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለን እናወራዋለን። እዚህ ሲያትል በሬኒየር ጎዳና ዳር ባሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የታክሲ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ አንዱ «ራሴን ያዞረኛል፣ ልቤም ይመታል» ሲል ሌላው «እኔንም!» ይላል። ሦስተኛው «ጭንቀት ነው፣ የአገር ነገር ነው» ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። ከዚያ ወሬው ወደ ፖለቲካው ይመለሳል። ሕመሙ ግን ሳይመረመር ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል።

ይህ ጸሐፊ ሐኪም አይደለም፤ ዕድሜውን የፈጀው በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ነው። በዝግጅት ክፍል ዜና ይዞ የመጣ ሪፖርተር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል። ለዛሬው ጉዳያችን ከስድስቱ ጥያቄዎች የሚበልጠው «መቼ» የሚለው ነው። የሚያዞርህ ተኝተህ ነው? ተቀምጠህ? ወይስ ስትነሳ? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ኪኒን ከዋጥክ በኋላ ነው? በነዚህ ጥያቄዎች ላይ የሚሰጠው መልስ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው በር ይመራዋል፤ ወይም ወደ ሌላ በር ይወስደዋል።

ይኸኛው ራስ ገዝ

ሳናዝዘው የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለን። የልብን ምት፣ የደም ሥሮችን መጥበብና መስፋት፣ ላብን፣ የሆድ ዕቃን እንቅስቃሴ፣ ፊኛን፣ የዓይን ብሌንን ሳይቀር የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ፈረንጆቹ አውቶኖሚክ ይሉታል። እኛ «ራስ ገዝ የነርቭ ሥርዓት» ብንለው አንባቢ በ1980 ዓ.ም. ደርግ ያዋቀራቸውን ራስ ገዝ አካባቢዎች ያስታውስብን ይሆናል እንጂ ቃሉ ልክ ነው። እንዲያውም ይኸኛው ራስ ገዝ እንደ ስሙ ነው፤ ከላይ ትእዛዝ አይጠብቅም።

ሥራው በግልጽ የሚታየው ስንነሳ ነው። ከተኛንበት ስንቆም ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ ታችኛው የሰውነታችን ክፍል ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ላይ ነርቮቹ በሴኮንዶች ውስጥ የእግርና የሆድ ደም ሥሮችን ያጠባሉ፣ ልብን ትንሽ ያፈጥናሉ፤ ሰውዬው ምንም ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥላል። ሥርዓቱ ሲታወክ ግን ከሁለት አንዱ ይከሰታል። ወይ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ወይም ግፊቱ እንዳለ ሆኖ ልብ ከመጠን በላይ ይሮጣል።

ሐኪሞች ለሁለቱም መለኪያ አላቸው። ሰው በቆመ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲቆሙ የሚከሰት የግፊት መውረድ ነው ይላሉ። ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ በደቂቃ በ30 ከጨመረ (ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉት በ40)፣ ምልክቶቹም ለወራት ከቆዩና ሌላ ምክንያት ካልተገኘ፣ በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል ፖትስ የሚባለው ሕመም ነው። ይህን ስያሜ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1993 የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ናቸው። ሕመሙ ግን ከስሙ ይቀድማል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ዳ ኮስታ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1871 የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ልባቸው ያለ ምክንያት እንደሚመታ፣ እንደሚደክሙ፣ እንደሚያዞራቸው ጽፎ ነበር።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ቃል

አሁን በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ የተቀመጡ ሦስት ሰዎችን እናስብ። ሦስቱም «ያዞረኛል» ይላሉ።

አንደኛዋ የሠላሳ ዓመት ነርስ ረዳት ናት። ኮቪድ ከያዛት ወዲህ ገላዋን ስትታጠብ፣ ወረፋ ላይ ስትቆም፣ ልቧ ደረቷን ጥሶ ሊወጣ ይደርሳል። ስትተኛ ይተዋታል። እንዲህ ያለው ሕመም በአብዛኛው የሚይዘው ወጣት ሴቶችን ነው፤ ከቫይረስ ሕመም በኋላ መጀመሩም የተለመደ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የተገኘው እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ ይበልጥ ታውቋል። ያም ሆኖ «ጭንቀት ነው» ተብለው የሚመለሱ ሴቶች አሁንም ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው የሃምሳ አምስት ዓመት ታክሲ ነጂ ነው። ስኳር በሽታ ከያዘው 15 ዓመት አልፎታል። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ዓይኑ ጭልም ይልበታል። ልቡ ግን እንደ ወጣቷ አይሮጥም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይገታ የቆየ ስኳር ነርቮቹን ስለጎዳ ግፊቱ ሲወርድ ልቡ ሊደርስለት አልቻለም። እንዲህ ዓይነት ሰው ተቀምጦም የልብ ምቱ ከመደበኛው የፈጠነ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የልብ ድካም ሲመጣ ሕመሙ ላይሰማው፣ ስኳሩ ሲወርድም መንቀጥቀጡና ላቡ ማስጠንቀቂያ ላይሰጡት መቻላቸው ነው። መሪ ለሚይዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛዋ የሰባ ሁለት ዓመት እናት ናቸው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ካስመጣቻቸው ጀምሮ የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። ምሳ በልተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲነሱ ይንገዳገዳሉ። ለእሳቸው ምክንያቱ የኪኒኑ መጠን፣ የዕድሜው ነገር፣ ከምግብ በኋላ ደም ወደ ሆድ ዕቃ መሄዱ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት «ደም ማነስ ነው» ይላቸዋል። ደም ማነስና የግፊት መውረድ ግን አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በደም ምርመራ፣ ሁለተኛው ቆመው በሚለካ ግፊት ይታወቃል።

ቃሉ አንድ፣ ሕመሙ ሦስት። በዚህ ላይ «አዞረኝ» የሚለው ቃላችን ራሱ ሦስት ነገር ይሸከማል። «ቤቱ ዞረብኝ» ያለ ሰው፣ በተለይ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ከሆነ፣ ነገሩ ከውስጠኛው ጆሮ ሊሆን ይችላል። «ዓይኔ ጨለመ፣ ሊጥለኝ ነበር» ያለ ደግሞ ደም ወደ አንጎሉ አንሶበት ይሆናል። «እግሬ አልጸና አለኝ» ያለ ሦስተኛ ነገር ይናገራል። አስተርጓሚው ግን ከእንግሊዝኛ አንድ ቃል መምረጥ አለበት። የመረጠው ቃል ሕመምተኛውን ወደ ጆሮ ሐኪም ከላከው ወራት ባከኑ ማለት ነው።

ከምግብ ገበታ እስከ ጫማ

የዚህ ሥርዓት መታወክ ራስ ላይ ብቻ አይቆምም። ሚጥሚጣ የበላ ሰው ቢያልበው ማንም አይደነቅም። ዳቦ በአይብ ሲበላ ግንባሩና አንገቱ በላብ የሚጠመቅ የስኳር ሕመምተኛ ግን ለሐኪሙ ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ፤ የላብ ነርቮች ሲጎዱ የሚታይ ምልክት ነው። ሁለት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ» የሚል፣ ከሰዓታት በፊት የበላው የሚመልሰውም እንዲሁ፤ ጨጓራው በጊዜው አላፈሰሰ ይሆናል። የማያቋርጥ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ በትዳር አልጋ ላይ የሚያጋጥም ድካም፣ እነዚህም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። የመጨረሻውን የአበሻ ወንድ ለሐኪም ከሚናገረው ይልቅ ቢሞት ይመርጣል። ሐኪሙ ግን ሰምቶ አይደነግጥም፤ እንዲያውም ምርመራውን የሚያሳጥርለት ይህ ነው።

ጫማችንን አውልቀን እግራችንን እንይ። የላብ ነርቭ የሞተበት እግር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ቁስል ይገባል። ይህን በአገራችን ቀድመው የሚያውቁት በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና የኖሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ሕሙማኑን እግራቸውን በውኃ እየዘፈዘፉ ቅባት እንዲቀቡ፣ በየቀኑም እንዲያዩት ሲመክር የኖረው ላብና ስሜት ያጣ ቆዳ ራሱን ስለማይጠብቅ ነው። ሲያትል ያለው የስኳር ሕመምተኛም እግሩን በየዕለቱ ሊያይና ሊቀባ ይገባዋል፤ መዘፍዘፉ ግን ለእሱ አይመከርም።

ሙቀትም ሌላ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2021 ሲያትል 108 ዲግሪ ፋራናይት ስትደርስ ብዙ ቤት ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ላቡ በሥርዓት የማይወጣለት ሰው እንዲህ ባለ ቀን ከሌላው ቀድሞ ይወድቃል።

ጾምና ቅዳሴ

በቅዳሴ መካከል ሰው ሲወድቅ ያላየ ምእመን የለም። አንዳንዱ ወዲያው መንፈስ ነው፣ ቡዳ ነው ይላል። ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ሰውዬው ከማታ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም። ለሰዓታት ቆሟል። አዳራሹ ይሞቃል፣ ሕዝቡ ተጠጋግቷል። ጤነኛውንም ሰው ሊጥል የሚችል ነገር ሁሉ ተሰብስቧል። በረመዳን ለሚጾመውም ያው ነው። ለጾም የሚከራከርም ሆነ በጾም ላይ የሚከራከር አይደለም ይህ ጸሐፊ፤ ስኳር ያለበት፣ የግፊት ኪኒን የሚውጥ፣ ስትቆም የሚያዞራት ሰው ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ወይም ከኢማም ጋር ቢመካከር ሃይማኖት አይጎድልበትም። የወደቀውን ሰውም አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ እንጂ ደግፎ ማቆም ጉዳቱን ያብሳል።

እስር ቤቱ ወይስ ነርቩ?

ከመካከላችን በቀይ ሽብር ዘመን የታሰሩ፣ ከምርጫ 97 በኋላ ቃሊቲን ያዩ፣ ከዚያም ወዲህ በየማጎሪያው ያለፉ አሉ። ልብ መምታት፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ ካለፈ መከራ ሊመጡ ይችላሉ፤ ይህም እውነተኛ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ዳሩ ግን «ይህ ሰው ተሰቃይቷል» የሚለው ታሪክ ሌላውን ምርመራ ሁሉ ሊጋርደው አይገባም። በመከራ ትዝታ የሚመጣው ሕመም ድምፅ ሲሰማ፣ ሕልም ሲታይ፣ ቦታው ሲነሳ ይብሳል። የነርቩ ሥርዓት ሕመም በአቋቋም፣ በሙቀት፣ በምግብ ይብሳል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊታመም ይችላል። ሁለቱም ሊጠየቁለት ይገባል።

ማወዳደር መልካም፣ መዋዋስ ክፉ

ምልክት ማወዳደር ጥቅም አለው። ብዙ ሰው «እኔ ብቻ አይደለሁም» ብሎ ወደ ሐኪም የሚሄደው ከሌላው ሰምቶ ነው። ጥፋቱ ከምልክቱ አልፈን መድኃኒቱን ስንዋዋስ ይመጣል። ወጣቷ ነርስ ረዳት ጨውና ውኃ ጨምሪ ትባል ይሆናል፤ ይረዳታልም። ያንኑ ምክር ለሰባ ሁለት ዓመቷ እናት ብትሰጥ፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ልትገድላቸው ትችላለች። የግፊት፣ የፕሮስቴት፣ የድብርት፣ ሽንት የሚያስወጡ ኪኒኖች ሲቆሙ ግፊትን ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ቢሆንም ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም ሌላ አደጋ ያመጣል።

ለሁሉም የሚሆነው ጥቂት ነው። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ማለት። ቆመው ማዞር ሲጀምር እግርን አጣምሮ ጡንቻን ማጥበቅ፣ ካልሆነም ቁጢጥ ማለት። ምግብን ከፋፍሎ መብላት። በጣም በሞቀ ውኃ ገላን ከመታጠብ መቆጠብ።

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ደግሞ እቤት አንድ ሥራ እንሥራ። 5 ደቂቃ ተኝተን ግፊትና የልብ ምት እንለካ፤ ቆመን በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ ከተቻለም በ10ኛው ደቂቃ እንለካና እንጻፍ። አጠገባችን ሰው ይኑር፤ ዓይናችን ከጨለመ ወዲያው እንቀመጥ። ይህች አንዲት ወረቀት ከግማሽ ሰዓት ንግግር ትበልጣለች። በእንቅስቃሴ ላይ እያሉ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የአንድ ወገን ሰውነት መዛል፣ በቤተሰብ ውስጥ በድንገት የሞተ ወጣት መኖር ግን ወረቀት የሚያስጠብቁ አይደሉም። ሕመሙ በዚያች ሰዓት ከሆነ 911 ይደወል። ራሱን የሳተ ሰውም ሳይመረመር መሪ አይያዝ።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ 1557ኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በቋንቋ ምክንያት ሕመምተኛን እንዳያጉላሉ ያስገድዳሉ፤ አስተርጓሚውም በነጻ ነው። የ12 ዓመት ልጅን የእናቷን የሆድና የሽንት ጉዳይ አስተርጉሚ ማለት ለልጅቷም ለእናቲቱም በደል ነው። በሲያትል ሃርበርቪው ሆስፒታል ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1990ዎቹ የተጀመረው ኤትኖሜድ ሐኪሞች የስደተኛውን ባህል እንዲያውቁ፣ ስደተኛውም በአማርኛ ስለ ጤናው እንዲያነብ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

እኛ ስለ መናገር ነጻነት ብለን አገር የለቀቅን ሰዎች ነን። በሐኪም ፊት ግን አንገታችንን ደፍተን «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ያዞረኛል» ብለን እንወጣለን። መቼ እንደሚያዞረን፣ ተኝተን ይሁን ቆመን፣ በልተን ይሁን ጾመን፣ በራሳችን ቋንቋ በዝርዝር እንናገር። ሐኪሙ የሚያውቀው የነገርነውን ያህል ነው።

ቸር ያሰማን።