በአሰላ ከፍታ የባሕር ውኃ አኳሪየም፦ የኦክስጅን ጥያቄ

በመማሪያ ክፍል የባሕር ዓሣ ለማኖር የሚያስብ መምህር በቅድሚያ የሚጨነቀው ስለ ጨው ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ የገበታ ጨውም ሆነ የአፋር አሞሌ በአመዛኙ ሶዲየም ክሎራይድ በመሆኑ፣ የባሕርን ማግኒዚየምና ካልሲየም አይተካም። በአሰላ ግን ከጨው ይልቅ የሚያሳስበው ኦክስጅን ነው።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ የባሕር ውኃ በጠረፍ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ በአሰላ 5 ያህል ይይዛል። 20 ዲግሪ የሆነ ጨው አልባ ውኃ በዚያው ከተማ 6.8 ገደማ ስለሚይዝ፣ የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ ለአርሲ ትምህርት ቤት ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል።

የአየር ፓምፕ ውኃውን እስከ ሙሌት ያደርሳል እንጂ ሙሌቱን ራሱን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ የሚቀረው መንገድ ፍጆታን መቀነስ ነው፦ ጥቂት ዓሣ፣ ጥቂት መኖ። መብራት በሌሊት ሲጠፋ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል፤ ዓሣው ኦክስጅን ያጥረዋል፣ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ የማጣሪያው ባክቴሪያዎችም ሥራቸውን ያቆማሉ። በባሕር ውኃ አልካላይነት ምክንያት ደግሞ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ይበዛል። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ከተጨማሪ ዓሣ በፊት መገዛት ይኖርበታል።

ልኬቱም በመቶኛ ሳይሆን በሚሊግራም ይመዝገብ፤ ለአካባቢው ግፊት የተስተካከለ መሣሪያ 100 በመቶ ሲያሳይ፣ በሊትር ያለው 5 ሚሊግራም ብቻ ሊሆን ይችላል።