ቀብድ ተቀባዩም ይከፍላል

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከሳቢያን እስከ ከዚራ፣ በንግድ ሥልጠናና በማማከር አገልግሎት ላይ የሚሰማው እሮሮ ሁለት መልክ አለው። ነጋዴው «ለስድስት ወር ከፍዬ አሠልጣኙ መሃል ላይ ጠፋብኝ» ይላል። አሠልጣኙ ደግሞ «ደንበኛው ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ቀረ፣ ቀሪውንም አልከፈለም» ባይ ነው። ሁለቱም ወገን «ቀብድ አይመለስም» የምትለዋን አባባል ለየራሱ ይጠቅሳል።

አባባሏ የሕጉ ግማሽ ናት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ውሉን የሚተወው ቀብድ ሰጪው ከሆነ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከሆነ ግን የተቀበለውን አጠፌታ ይመልሳል። ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሥልጠና ላይ ሲደረስ ግን ሁለተኛው ግማሽ ይዘነጋል።

ብዙዎች ቀብድን ደንበኛን የማሰሪያ ገመድ አድርገው ያስረዳሉ። ሥራው ግን ተቃራኒው ነው፤ የመውጫ ዋጋን አስቀድሞ ይቆርጣል። የሥልጠናው ክፍያ 30,000 ብር፣ ቀብዱ 6,000 ብር ነው እንበል። ደንበኛው ቢሰለቸው 6,000 ብሩን ትቶ ይሄዳል፤ አሠልጣኙ ቀሪውን 24,000 ብር ሊጠይቀው አይችልም። አሠልጣኙ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ቢተው 12,000 ብር ይቆጥራል። ሙሉው 30,000 ብር በቅድሚያ ከተከፈለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ገንዘብ የውሉ አፈጻጸም እንጂ ቀብድ አይደለም። አሠልጣኙ ቢጠፋ ውሉ ተሰርዞ ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፤ ለደረሰ ጉዳትም ካሳ ይጠየቃል። አጠፌታ ግን የለም።

አሠልጣኞች ሙሉውን በቅድሚያ መጠየቃቸውን ስግብግብነት ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ጥፋቱን ግሽበት ላይ እጥላለሁ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በስድስተኛው ወር የሚከፈል ብር በመጀመሪያው ወር ከሚከፈለው በመግዛት አቅሙ ያንሳል። መንግሥት ግሽበቱ ረገበ ይላል፤ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ግን ቁጥሩን ለማመን ይቸገራል። ስለዚህ አሠልጣኙ ሙሉውን በቅድሚያ በመቀበል ከደንበኛው ያለ ወለድ ይበደራል፤ ደንበኛውም ማበደሩን ሳያውቅ አበዳሪ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ ክርክር ሲመጣ ግን የሚያስረዳው ወረቀት ነው። ደረሰኙ ላይ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ቅድሚያ ክፍያ ይጻፍ፤ ክፍያው በየወሩ ይከፋፈል፤ ለሚቀር ቀጠሮ መቀጫው ይወሰን። ይህ ካልተለመደ ነጋዴው መክፈሉን ያቆማል፤ ጎበዙም አሠልጣኝ ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ ገበያ ያጣል።