ስም ከዝርዝር እንዳይጠፋ፦ የእህል መዝገብን በኮምፒውተር ስለ ማዘጋጀት



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ማጉረምረም የተነሣው የዕለቱ ምግብ ሲታደል አንዳንድ መበለቶች በመታለፋቸው ነበር። ሐዋርያትም ነገሩን አላቃለሉትም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች ተመርጠው ለዚሁ ሥራ እንዲሾሙ አደረጉ። እንግዲህ የተረጂዎችን ስም በትክክል መያዝ ከአገልግሎቱ የተለየ የጽሕፈት ቤት ጣጣ ሳይሆን የአገልግሎቱ አንድ ክፍል ነው።

ይህ ነገር በወገዳና በዙሪያዋ ላለው ሕዝብ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በቁጥር እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ስማዳን፣ ላይ ጋይንትንና ታች ጋይንትን ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ያደርጋል። ክፍያው በእህል ሲሆን የተለመደው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ስለዚህ አምስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ፣ በስድስት ወር ደግሞ 450 ኪሎ፣ ማለትም አራት ኩንታል ተኩል ያገኛል። በዝርዝር ላይ አንድ መስመር በስሕተት ቢሰረዝ ከአንድ ቤት የሚጎድለው ይህን ያህል ነው።

ስሙ ከጎጥ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሲተላለፍ በየደረጃው የሚጽፈው ሰው የተለያየ ነው። በመሆኑም ኮምፒውተር ከሚያስቸግሩት ነገሮች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ለኮምፒውተር ስድስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጸ እና ፀም እንዲሁ ስለሆኑ፣ ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም እና ገ/ማርያምም እንደ ሦስት ሰው ይቆጠራሉ። በስሙ መጨረሻ ላይ የቀረ ባዶ ቦታ እንኳ፣ ለዓይን ባይታይም፣ ስሙን ሌላ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቀን ነው። ኤክሴል የሚያውቀው 12 ወር ያለውን የፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ጥቅምት 30 ቀን 30/2 ተብሎ ሲጻፍ እንደ ቀን አይቀበለውም፤ ጳጉሜን 3 ቀን 3/13 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ማርች 13 ያደርገዋል። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት ዓምድ ለያይቶ መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛው የካርድ ቁጥር ነው። 00123 የተባለው ቁጥር እንደ ጽሑፍ ካልተመዘገበ ፊተኞቹን ዜሮዎች አጥቶ 123 ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ በየወሩ በእጅ ማስተካከል ብዙ ቀን ይፈጃል፤ የደከመ ዓይንም ያልፈዋል። መፍትሔው ፓወር ኩዌሪ የተባለው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ ኤክሴል ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ሲሆን፣ በራሳችን ኮምፒውተር ባሉት ፋይሎች ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የምናደርገውን ማስተካከያ በቅደም ተከተል መዝግቦ ይይዛል፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሥራ ራሱ ይደግመዋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው።

1. ከየቀበሌው የመጡትን ፋይሎች በአንድ ፎልደር ውስጥ እናስቀምጣለን። የሁሉም ዓምዶች ርእስ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

2. «ዳታ» ከሚለው ሥር «ጌት ዳታ» ብለን ፎልደሩን እናሳየዋለን፤ ፋይሎቹን አንድ ላይ ደርድሮ አንድ መዝገብ ያደርጋቸዋል። የካርድ ቁጥሩ ጽሑፍ መሆኑን እዚሁ ላይ እንወስናለን።

3. «ትሪም» በሚለው ትእዛዝ ከስሙ ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ እናስወግዳለን።

4. የስሙን ዓምድ ገልብጠን «የማነጻጸሪያ ስም» እንለዋለን። በዚህ ላይ ብቻ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንለውጣለን። አምስቱ ፊደላት እስከ ሰባተኛው እርባታቸው 35 ለውጥ ይሆናሉ፤ መጨረሻ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመር 37። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ሰውዬው የሚጠራበት ስም ግን በመጀመሪያው ዓምድ እንደ ተጻፈ ይቆያል።

5. የማነጻጸሪያው ስም፣ የአባት፣ የአያት ስምና ጎጡ አንድ የሆኑትን ለይተን እናወጣለን።

6. «መርጅ» በሚለው ትእዛዝ ያለፈውን ወር መዝገብ ከአሁኑ ጋር አስተያይተን፣ ባለፈው ኖሮ አሁን የሌለውን ስም እናወጣለን። የታለፈው ሰው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ወር አዲሶቹን ፋይሎች በአሮጌዎቹ ቦታ ተክተን «ሪፍሬሽ ኦል» የሚለውን መጫን ብቻ ይበቃል። የቀን ሥራ የነበረው በደቂቃ ያልቃል።

ነገር ግን ወገኖች ሆይ፣ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ኮምፒውተሩ ተመሳሳይ ስም ያሳያል እንጂ ሰውን አያውቅም። በአንድ ጎጥ ውስጥ እስከ አያታቸው ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት አባወራዎች ሊኖሩ ይችላሉ። «ተደጋጋሚውን ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ ቢሰጥ የአንደኛው ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ የተጠረጠሩትን ስሞች በወረቀት አትመን ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል እናቀርባለን፤ እነርሱ ሰዎቹን ያውቃሉ። ስሙ የጠፋበት ሰውም ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ አቤት እንዲል እንነግረዋለን። ኮምፒውተሩ ይጠይቅ፤ ሰው ይመልስ፤ ይህ ደንባችን ይሁን።

በተጨማሪም ከመጀመራችን በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ሳንነካ ቅጂውን እናስቀምጥ። ከየቀበሌው የመጣውን የመስመር ብዛት ደምረን ከተጠቃለለው መዝገብ ጋር እናስተያይ፤ ካልገጠመ ክፍያው አይጀመር። መዝገቡ የድኾች ምስጢር ስለሆነ በይለፍ ቃል ይቆለፍ።

በየጉባኤያችሁ ኮምፒውተር የሚያውቁ ወጣቶች አሉ። ይህን ሙያ ለፕሮጀክት ሠራተኞች በማስተማር ማገልገል እንደሚችሉ ንገሯቸው። እናንተም በጸሎታችሁ ዝርዝሩን የሚጽፉትን እጆች፣ በመስመሩ ላይ ቆመው ስማቸው እስኪጠራ የሚጠብቁትንም እናቶችና አባቶች አስቡ። ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።