ለድርጅት ሥራ የሚቀርብ የፎቶ ፖርትፎሊዮ፦ የሚባለውና እውነቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የሚያነሱ፣ ብርሃን የሚገባቸው፣ ግን ከሰርግና ከልደት አልፈው የድርጅት ሥራ ማግኘት ያቃታቸው ብዙ ወጣት ፎቶ አንሺዎች አሉ። በእኔ እምነት የብዙዎቹ ችግር ሥራቸውን የሚያሳዩበት መንገድ ነው። ስለ ፖርትፎሊዮ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ አባባሎች ደግሞ ነገሩን ያብሱታል።

«ብዙ ሥራ ያሳየ ብዙ ደንበኛ ያገኛል» ይባላል። ስለዚህ ሰርጉ፣ ምርቃቱ፣ ክርስትናው፣ የሆቴል ክፍሉ፣ ጫማው፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት ተራራ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይታጨቃል። ፋይሉን የሚከፍተው የቡና ላኪ ድርጅት የገበያ ኃላፊ ግን የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእኔን ዕቃ እንዴት አድርጎ ያነሳልኛል?» ሰርጉ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ መልስ የለውም። ከ15 እስከ 20 ፎቶ ይበቃል፤ ሁሉም ከሚፈለገው የሥራ ዓይነት ይሁን። ከመካከላቸው አንዱ ደከም ያለ ከሆነ ይውጣ። ደንበኛው ያንን ሲያይ «የእኔም ሥራ እንዲህ ቢወጣስ?» ብሎ ይሰጋልና። ሰርግ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ለብዙዎች እንጀራ ነው። ሰርጉ ሌላ ፋይል ይኑረው።

«ደንበኛ ሳይኖረኝ ፖርትፎሊዮ ከየት አመጣለሁ?» ጀማሪን ከሁሉ በላይ ቆሞ የሚያስቀረው ይህ ነው። መልሱ ከሰፈር ሱቅ አይርቅም። አንድ የመስታወት ጠርሙስ አምቦ ውሃ ይገዛል። ጠርሙስ ፊት ለፊት መብራት ሲመታው መስኮቱንም ፎቶ አንሺውንም መልሶ ያሳያል። ስለዚህ መብራቱ ከኋላ ሆኖ በነጭ ጨርቅ ውስጥ ያልፋል። በግራና በቀኝ፣ ከካሜራው ዕይታ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ጥቁር ካርቶን ይቆማል፤ ያኔ የጠርሙሱ ጠርዝ በጥቁር መስመር ተለይቶ ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል። በፊት በኩል ከጎን የቆመ ነጭ ፎም ቦርድ ብርሃን እየመለሰ ጽሑፉ እንዲነበብ ያደርጋል። ጠርሙሱ ላይ የቅዝቃዜ ጠብታ ለማሳየት ግሊሰሪን ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይረጫል፤ ቶሎ አይደርቅም። ይህን አንድ ፎቶ አሳምሮ የጨረሰ ሰው ለማንኛውም የመጠጥ ድርጅት የሚያሳየው ነገር አለው። ከፎቶው ሥር ግን በራስ ተነሳሽነት የተሠራ መሆኑ ይጻፍ። ያልታዘዘውን የታዘዘ አስመስሎ ማቅረብ ማታለል ነው፤ ገበያው ጠባብ ስለሆነም ይደረስበታል።

«የራስ ስልት ለኤግዚቢሽን ነው፤ ድርጅት የተለመደውን ነው የሚፈልገው» የሚሉም አሉ። የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ልብ ብሎ ላየ ይህ አይመስለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችው አይዳ ፊታቸውን ቀለም በተቀቡ ሴቶችና በደማቅ ቀለሞች የሚታወቀውን ስልቷን በራሷ ሥራዎች ስታዳብር ቆይታለች። ዋተርኤድ የተባለው በንጹሕ ውሃ ላይ የሚሠራ የእርዳታ ድርጅት ሥራ ሲያዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል ወርዳ «ዋተር ላይፍ» የተባሉትን ተከታታይ ፎቶዎች የሠራችው በዚያው ስልት ነው። ፎቶዎቹ ከተለመደው የእርዳታ ድርጅት ፎቶ ጋር ፈጽሞ አይገናኙም።

ስለ ውድ ካሜራ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ደንበኛው የሚያየው ፎቶውን ነው። የተከታይ ብዛትም ቢሆን ጥሩ ነው እንጂ የሥራ ማስረጃ አይሆንም። ፖርትፎሊዮውን ለደንበኛ በቴሌግራም የሚልክ ሰው ግን ፎቶውን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «እኔ ያነሳሁት ፎቶ የእኔ ነው» የሚለው ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሌላ ስምምነት ከሌለ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የአዛዡ እንደሆነ ይደነግጋል። ከድርጅት ጋር በቃል ብቻ ተስማምቶ የሠራ ሰው፣ በኋላ ምርጥ ሥራውን ፖርትፎሊዮው ውስጥ ሲያስገባ «ማን ፈቀደልህ?» ሊባል ይችላል ማለት ነው። ሰውን ማንሳትም የራሱ ሕግ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በሕጉ የተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ከዚህ ውጭ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ሸክም ተሸክመው ሲያልፉ የተነሱ አባት ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራ ማግኛ አድርጎ ለማውጣት እሳቸውን ማስፈቀድ ይገባል።

መፍትሔው ሁለት አጫጭር ወረቀት ነው። አንደኛው ከድርጅቱ ጋር የሚፈረመው ውል ሲሆን «ፎቶ አንሺው ሥራውን በፖርትፎሊዮው ለማሳየት ይችላል» የሚል አንድ መስመር ይኑረው፤ ምርቱ ገና ገበያ ያልወጣ ከሆነ ከመቼ ጀምሮ እንደሚችልም ይጻፍ። ሁለተኛው ለሚነሳው ሰው ነው። በአማርኛ፣ ወይም ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ፣ ፎቶው የትና ለምን እንደሚውል ተነቦለት ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ይፈርምበታል።