እንክብል ወይስ እርጎ? ስለ ፕሮባዮቲክስና ክብደት መቀነስ



ፉሪ ቤት ተከራይተን ከምንኖረው ተማሪዎች መካከል አንዱ ወንድማችን በቅርቡ ክብደት ለመቀነስ ብሎ የፕሮባዮቲክ እንክብል ገዝቶ መጣ። ዋጋው ለብዙ ቀን አስቤዛ ይበቃ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ግን እንደ ልማዳችን እስክንጠግብ በልተን በለስላሳ አወራረድነው። «ግድ የለም፣ እንክብሉ ያስተካክለዋል» ተባለ። እውን ያስተካክለዋል? አንብበን የደረስንበትን እናካፍላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች በ2001 እ.ኤ.አ. በሰጡት ትርጉም፣ ፕሮባዮቲክስ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። «ሕያው» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ በተሕዋስያን የተሞላ ነው፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ሙቀቱ ይገድላቸዋል። እርጎ ግን ከረጋ በኋላ ስለማይበስል ተሕዋስያኑ በሕይወት እንዳሉ ወደ ሆዳችን ይገባሉ።

ታዲያ ክብደት ይቀንሳሉ? ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘኑ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት በፕሮባዮቲክስ የተገኘው ቅናሽ በአማካይ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ነው። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ሒሳቡን እናውቀዋለን፤ የሚገባው ኃይል ከሚወጣው ከበለጠ ትርፉ ይከማቻል። ፕሮባዮቲክስ አመጋገብን ያግዝ ይሆናል እንጂ አይተካም።

ለአንጀት ጤና ያለው ተስፋ የተሻለ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት 36 ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ሳምንት ተከታትሏል። እርጎና ሌሎች የቦኩ ምግቦችን አብዝተው የተመገቡት ቡድን በአንጀታቸው ያሉት ተሕዋስያን ዓይነታቸው በዝቷል፤ በደማቸው የሚለኩ የብግነት ምልክቶችም ቀንሰዋል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም አቅጣጫ ያሳያል።

እነዚህ ተሕዋስያን ደግሞ ቀለብ ይፈልጋሉ። ቀለባቸው እኛ መፍጨት የማንችለው አሰር ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽሮና ጎመን አሰር አላቸው። ተሕዋስያኑ አሰሩን ሲያብላሉት የአንጀታችንን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶች ይወጣሉ። ስለዚህ እንጀራችን ሕያው ተሕዋስያን ባይኖሩትም ለእነሱ ምግብ ይዞ ይመጣል። ቅባት መቀነስ የሚፈልግ ደግሞ ቅቤው የወጣለትን አሬራ ይጠጣ። ስኳር የበዛበት ጣዕም ያለው እርጎ ግን ከለስላሳ ብዙም አይሻልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በፉሪ፣ በሰበታና በሱሉልታ ወተት በየሰፈሩ ይገኛል፤ ጥሬውን ማርጋትም የተለመደ ነው። ነገር ግን ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ መርጋቱ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። እኛ እንዲህ እናደርጋለን፦ ወተቱን እናፈላለን፤ ጣት የማያቃጥል ለብታ ላይ ሲደርስ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራ ስኳር የሌለው እርጎ እንጨምራለን። የፉሪ ሌሊት ብርድ ስለሆነ በጋቢ ጠቅልለን እናሳድረዋለን። ጠዋት ረግቶ ይገኛል፤ አልሐምዱሊላህ።

ወደ እንክብሉ እንመለስ። ወንድማችን በመጨረሻ ጽሑፉን ሲያነብ ሽፋኑ ከጄላቲን የተሠራ መሆኑን አየ፤ ጄላቲኑ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ግን አልተጻፈበትም። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ቆዳና አጥንት ይሠራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከዕፅዋት የተሠራ ሽፋን ያላቸውም አሉ። ሕመም ያለባችሁ ወይም መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

ነቢያችን ﷺ ሆዳችንን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት እንድንከፍለው መክረውናል። እኛ ቤት አሁን ማታ ማታ ለስላሳው ቀርቶ አሬራ ይቀርባል፤ ማዕዱም ሳንጠግብ ይነሣል። ሰኞና ሐሙስ የምንጾም ደግሞ ያጎደልነውን በኢፍጣር ሳምቡሳ እንዳንመልሰው እንጠንቀቅ። ጤናችን የአላህ አማና ነውና በትንሹ እንጀምር፤ ኢንሻአላህ እንለመደዋለን። ወላሁ አዕለም።