ከጓሳ ግርጌ ላለ ቤት የትኛው ይቀድማል? ምድጃ፣ የፀሐይ መብራት ወይስ ባዮጋዝ



ስለ ማገዶና ስለ መብራት የግብርና ቢሮ ምን አገባው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በበረትዎና በማሳዎ መካከል ነው። በጓሳ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም፣ ብርዱም ከባድ ነው። ስለዚህ እበቱ ተጠፍጥፎና ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ገብስ ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ሀብት ምጣድ ሥር ይነዳል። ኩበቱ ያልበቃው ደግሞ ጭራሮ ለቀማ ይወጣል፤ አስታው የሚቆረጠውም ለዚሁ ነው።

ይህ ጽሑፍ መንግሥት ስለ ንጹሕ ኃይልና ስለ ኃይል ቁጠባ ካወጣቸው ዕቅዶች ውስጥ ለእርስዎ ቤት የሚሆነው የትኛው እንደሆነ፣ ከየትኛው ቢጀምሩ እንደሚሻልም ያስረዳል። ሁሉም ለሁሉም ቦታ አይሆንም። በወይና ደጋ የሠራ ነገር በውርጭ አገር ላይሠራ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከኪሳራ ያድናል።

የኩበቱ ሒሳብ

በ100 ኪሎ ደረቅ እበት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚደርስ ናይትሮጅን አለ። መካከለኛውን፣ አንድ ኪሎ ተኩሉን እንውሰድ። አንድ ቤት በቀን 5 ኪሎ ኩበት ያነዳል ብንል፣ በዓመት 18 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በዚህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 27 ኪሎ ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጅኑ 46 ኪሎ ስለሆነ፣ ያ ቤት በዓመት ከግማሽ ኩንታል ዩሪያ በላይ የሚሆን ናይትሮጅን በጭስ ሰደደ ማለት ነው። ምድጃው ማገዶውን በግማሽ ቢቀንስ 9 ኩንታሉ ለማሳ ይተርፋል።

እርግጥ እበት እንደ ዩሪያ ቶሎ አይደርስም፤ ናይትሮጅኑ ቀስ እያለ በየዓመቱ ነው የሚለቀቀው። በአንጻሩ እበት አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ይህን ዩሪያ አይሠራውም። «አመዱን እበትናለሁ» የሚል ሰው ፖታሲየሙንና ፎስፈረሱን ያተርፋል፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ሄዷል። የበግ በጠጥም ከእሳት ይልቅ ለማሳ ይበልጥ ይጠቅማል። ከላይ ያለው ቁጥር ምሳሌ ስለሆነ የራስዎን ቤት ፍጆታ አስገብተው ይሥሩት።

የአገሪቱ ዕቅድ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ከሚበላው ኃይል ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ገደማው የሚገኘው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። ከቤት ማገዶ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከቀዳሚ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ለዚህ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ እስከ 2007 ዓ.ም. 9 ሚሊዮን ምድጃ የማሠራጨት ግብ ነበረው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ የኃይል ቁጠባን የሕግ ጉዳይ አደረገው። በ2010 ዓ.ም. የወጣውና በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን እንደ ፀሐይ ኃይል ባሉ ከመስመር ውጭ በሆኑ መንገዶች እስከ 2017 ዓ.ም. ለማዳረስ አቅዶ ነበር።

ዓመቱ አልፏል፤ መስመር ያልደረሰው ቤት ግን ገና ብዙ ነው። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። መስመሩ እስኪመጣ ምጣድዎ ሥራ አይፈታም፤ በእጅዎ ያለውን ሥራ ዛሬ መጀመር ይችላሉ።

የጓሳ ነገር

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ አባቶች በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በአባ ቄራው መሪነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላም ኅብረተሰቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ያሉት፣ ምንጮቹም የሚፈሱት በዚህ ጥበቃ ነው። ከዚህ የሚነሣው ውኃ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው በሕዳሴው ግድብ ውስጥ የእናንተም ተራራ ድርሻ አለው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ደንብ ማገዶ አይሆንም። ለእራት የሚያነደው ያጣ ቤት ወደ አስታው መሄዱ አይቀርም። ጠባቂው ቢይዘው ይቀጣል፣ ባይዘው ቁጥቋጦው ይመነጠራል፤ በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ያው ሕዝብ ነው። የጥበቃው ሥራ የሚቀለው የየቤቱ የማገዶ ፍላጎት ሲያንስ ነው።

መጀመሪያ ምድጃ

በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ከእሳቱ ሙቀት ለምጣዱ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። የቀረው በነፋስ ይወሰዳል፣ ግድግዳውንና የጋጋሪዋን ፊት ያሞቃል። በ1980ዎቹ በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራው ምርጥ ምድጃ ይህን ነው የሚያርመው። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ ነው። አራቱ ክፍሎቹ ተገጣጥመው እሳቱን ዙሪያውን ይከባሉ፤ ምጣዱ በላያቸው ይቀመጣል። ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያወጣሉ፣ ድስትም ይሸከማሉ። በአግባቡ ከተያዘ የእንጀራ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለወጥና ለቡና ትክክል የሚባለው ምድጃ አለ፤ ሲሚንቶ በማይገኝበት ቦታ ከሸክላ የሚሠራውን ጎንዜ መጠቀም ይቻላል። ከሰል ለሚያነድ ላቀች አለ፤ ነገር ግን በእኛ አካባቢ ከሰል ማክሰልን የሚያበረታታ ነገር ባይስፋፋ ይመረጣል።

«አግባቡ» የሚለው ቃል ላይ እንቆይ፤ ምድጃ ተሠራጭቶ ጥግ ላይ የዶሮ መተኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ አያያዙ ባለመነገሩ ነው። ሲገዙ ስንጥቅ እንደሌለው ይዩ፣ በጣትዎ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ። በሠፈርዎ የሚሠሩ ወጣቶች ካሉ ሁለት ነገር ይንገሯቸው። አንደኛ፣ ከቅርጹ የወጣው ምድጃ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ በጥላ ይቆይ። ሁለተኛ፣ በታኅሣሥና በጥር ሲሠሩ ሌሊቱን በገለባና በላስቲክ ይሸፍኑት። ገና ያልጠነከረ ሲሚንቶን ውርጭ ከመታው ውስጡ ይፈርሳል፤ በወሩ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል።

ሲተከል መሬቱ ልክ ይሁን። በክፍሎቹ መገጣጠሚያና በምጣዱ ዙሪያ ያለው ክፍተት በጭቃ ይመረግ፤ እሳቱ በዚያ ካመለጠ ገንዘብዎ አብሮ ያመልጣል። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ጋር የሚስማማ መሆኑን ሳይለኩ አይግዙ። ኩበት የሚያነዱ ከሆነ አመዱ ብዙ ስለሆነ ከመጋገር በፊት ብቻ ሳይሆን በመካከልም ይጠረግ፤ አየር ያጣ ኩበት ይጨሳል እንጂ አይነድም። ኩበቱም እንጨቱም በደንብ ይድረቅ። ጋግረው ሲጨርሱ የማገዶ መግቢያውን ይዝጉት፤ የቀረው ሙቀት ውኃ ያሞቃል።

ምድጃውን የሚይዙት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ስለዚህ ምድጃው ሲመረጥም ሲተከልም የቤቱ እመቤት ትኑር፤ ቁመቱ ለእሷ ካልተመቸ ወደ ጉልቻው መመለሷ አይቀርም። ጭስ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ አብሯት ጓዳ የሚውለውን ሕፃን ደግሞ ይብሳል። ምድጃው ጭስን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ የጓዳው መስኮት ወይም የጭስ መውጫው እንዳይደፈን ያስፈልጋል።

አንድ እውነት ግን አለ፤ ብዙ የሥልጠና ወረቀት ይዘለዋል። በጓሳ ግርጌ እሳት የሚነደው ለመጋገር ብቻ ሳይሆን ለመሞቅም ነው። ምድጃው እሳቱን ስለሚከብ ቤቱ እንደ ቀድሞው አይሞቅም፤ ቤተሰቡም ምሽት ላይ ጉልቻውን መልሶ ያነዳል። ከዚያ ቁጠባው የለም። የማታ እሳት ይቅር አንልም። ነገር ግን ነፋስ የሚያስገባውን የግድግዳ ስንጥቅ በጭድ ጭቃ መምረግ፣ በሩን በሚገባ መግጠም፣ እራት የሚሠራበትንና የሚሞቁበትን ሰዓት አንድ ማድረግ ብዙ ማገዶ ያድናል። መንዝ የባናና የዝተት አገር ነው፤ የበግ ፀጉር ኩበት ሳይነድ ያሞቃል።

ባዮጋዝ፦ ለደጋው አይቸኩሉ

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ነው ሥራ የጀመረው። ነገሩ መልካም ነው፤ እበቱ ጋዝ ሰጥቶ ተረፈ ምርቱ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ናይትሮጅኑም አይቃጠልም። ቢያንስ አራት የቀንድ ከብት፣ በየቀኑ እበቱን የሚያህል ውኃና ሥራውን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ነገር ግን ጋዙን የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ናቸው፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይቀዘቅዛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ ቀበሌ ለዚህ አይመችም። በእኛ አስተያየት በጓሳ ዙሪያ ላለ ቤት በዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። ወደ ጀማ ሸለቆ ወይም ወደ መርሐቤቴ ቆላማ ቀበሌዎች ዘመድ ካለዎት ግን ይንገሩት፤ እዚያ ይሠራል።

መብራት

ለመብራት ከኩራዝ ይልቅ የፀሐይ መብራት ይሻላል፤ ይህ ክርክር የለውም። ጭስ የለውም፣ የሣር ክዳን አያቃጥልም፣ ስልክም ይሞላል። ብርድ ሰሌዳውን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ብርድና ጥርት ያለ ፀሐይ ሲገናኙ የተሻለ ይሠራል። ባትሪው ግን ውርጭ አይወድም፤ መብራቱን ማታ ደጅ አይተዉት፣ ጠዋትም ውርጩ ሳይለቅ መሙላት አይጀምሩ። ሰሌዳው ወደ ደቡብ በመጠኑ ዘመም ብሎ ይተከል፣ አቧራው ይጠረግ። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ስለሚውል ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። የጽሑፍ ዋስትና የማይሰጥ ነጋዴ ርካሽ ቢልም አይግዙ። ግዢው በአንድ ጊዜ ከከበደዎት በወረዳ ከተማ ያለውን የጸደይ ባንክ ቅርንጫፍ ወይም የራስዎን የቁጠባና ብድር ማኅበር ይጠይቁ።

መስመር ለደረሰው ደግሞ፣ 60 ዋት የሚበላውን አምፖል ከ10 ዋት በታች በሆነ ኤልኢዲ መተካት ቀላሉ ቁጠባ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ቀጭን ሽቦ ያለው ቤት ይህን ስለማይችል፣ ምጣዱን ከመግዛትዎ በፊት መስመሩ በባለሙያ ይታይ። አንዴ ከጋለ ሳያቋርጡ የሳምንቱን እንጀራ መጋገር ያዋጣል።

ለጎረቤት ማሳየት

እንደ ሞዴል አርሶ አደር ሌላው የሚያየው እርስዎን ስለሆነ፣ ከስብከት ይልቅ ሚዛን ይጠቀሙ። እኩል ሊጥ፣ ከአንድ ክምር የወጣ ደረቅ ኩበት ያዘጋጁ። አንዱን ቀን በጉልቻ፣ ሌላውን ቀን በምድጃው ጋግሩ። ከመጀመርዎ በፊት ኩበቱን ይመዝኑ፣ ሲጨርሱ የቀረውን ይመዝኑ፣ የእንጀራውን ቁጥርና የፈጀውን ሰዓት ይጻፉ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ በሦስት የመጋገሪያ ቀን ይደገም፣ ጋጋሪዋም አንድ ሰው ትሁን። ውጤቱ በወረቀት ላይ ከተባለው ቢያንስም እንዳለ ይመዝገብ፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ያልተመረገ ክፍተት ወይም እርጥብ ኩበት ላይ ነው። መዝገቡን ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይስጡት። የተረፈውን እበት ከአንድ የገብስ መደብ ላይ ይበትኑና ድንበሩን በችካል ያመልክቱ፤ እበት ያገኘውና ያላገኘው መደብ ጎን ለጎን ሆነው ለመስክ ቀን ይታያሉ።